ቤንዚንና የቀሪ ቅጣት



በመስከረም 1966 ዓ.ም. በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተነሣ፤ በዚያም ሰበብ ነዳጅ በዓለም ተወደደ። የእኛም መንግሥት ቤንዚን ላይ ጨመረ፤ በየካቲት የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። የመምህሩ፣ የወታደሩና የወሎ ረሀብ ብሶት ተደርቦበት፣ በዚያው ወር የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ዋጋ የጨመረው ሰው ይህን አስቦ ነበር? አይመስለኝም።

እኛም ዛሬ ከቀብር የሚቀር ሰው ቅጣቱ እጥፍ ይሁን እያልን ነው። ሐሳቡ ደግ ነው። ግን የቀን ሥራውን ጥሎ መምጣት ያልቻለ ጎረቤታችን፣ ቅጣቱ ሲከመርበት ከእድሩ ይወጣል። ታዲያ እሱን ማን ይቀብረዋል? እጃችንን ከማውጣታችን በፊት የቀሩት ለምን እንደቀሩ እንጠይቃቸው።