በክረምት ወደ ውቅያኖስ ዳር
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በታኅሣሥ ስላደረግነው የባሕር ዳርቻ ጉዞ ጥያቄ ያነሳችሁ ስላላችሁ፣ የሄድነው እንድንናገር ኮሚቴው አዞናል። ጥያቄው በአጭሩ፣ «የቤት ኪራይ ያቃታት እህት እያለችን በብርድ ባሕር ለማየት መሄድ ምን ይባላል?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። የገንዘቡን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። ከችግር ጊዜ ሣጥናችን አንድ ሳንቲም አልወጣም። የመኪናውን ኪራይና ቤንዚኑን የሄድነው ተካፍለን ከፍለናል፤ መክፈል ላልቻሉ ሁለት እህቶች አንድ ደጋፊያችን ሸፍነውላቸዋል። የቀረው ጥያቄ ግን በሂሳብ የሚመለስ አይደለም።

ሲያትል ለምንኖር ነገሩ አዲስ አይደለም። በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሌሊት ጽዳት የሚሠሩ፣ አረጋውያን የሚንከባከቡ እህቶቻችን የቀን ብርሃን ሳያዩ ሳምንታት ያልፋሉ። አገር ቤት ክረምት ስንል ሰኔና ሐምሌን፣ ዝናቡን ነው። የፈረንጁን ብርድ ወቅት «ክረምት» ማለታችን የማይጥማቸው እናቶች አሉን፤ በዚህ አካባቢ ግን ቃሉ ልክ ገብቷል፣ ዋናው ዝናብ የሚወርደው ከኅዳር እስከ ጥር ነውና። ልዩነቱ፣ በእኛ ክረምት ጎረቤት ቡና ይጠራራል፤ በዚህኛው ሁሉም በሩን ይዘጋል። ባለፈው ዓመት ስልክ ማንሣት ያቆሙ እህቶች ነበሩን። ቤታቸው ሄደን ስናንኳኳ መልሱ «ደህና ነኝ» ብቻ ነው። ስለ ጭንቀት እንወያይ ብለን ስብሰባ ጠራን፤ ሦስት ሰው መጣ። «ውቅያኖስ ዳር ሄደን እንመለስ» ስንል ግን አሥራ አራት ሆንን።

የሄድንበት ቦታ ሪያልቶ ቢች ይባላል፤ ከሲያትል አራት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። የኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሆን የውቅያኖሱ ጠረፍ የተጨመረው በ1953 ነው፤ ከዚያ ጠረፍ አብዛኛው ዛሬም መንገድ አልተሠራበትም። አሸዋና ጃንጥላ የጠበቁ እህቶች ተገረሙ። መሬቱ ድቡልቡል ጠጠር ነው። ማዕበሉ ወደ ኋላ ሲመለስ ጠጠሩን ይዞ ይንከባለላል፣ ድምፁም በትልቅ ሰፌድ እህል እንደሚያንጓልል ሰው ነው። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆነው የተከመሩ ግንዶች አሉ፤ ወንዞች ከደኑ አውርደዋቸው ባሕሩ መልሶ የተፋቸው ናቸው። አንዳንዱ ከአንድ ቤት ይረዝማል።

ስለ እነዚህ ግንዶች ጠበቅ አድርገን እንናገር፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ትኖራላችሁና። የማይነቃነቁ ይመስላሉ። ትንሽ ውኃ ከሥር ሲገባባቸው ግን ይንሳፈፋሉ፣ ይንከባለላሉም፤ ሰው ገድለዋል። ባሕሩ ሞልቶ ሲያናውጥ ግንድ ላይ አይወጣም። ሌላው፣ ለረጅም ጊዜ ጸጥ ብሎ ቆይቶ በድንገት ከሌሎቹ ሁሉ ርቆ የሚወጣ ማዕበል አለ፤ ስለዚህ ፎቶ ለመነሣትም ቢሆን ለባሕሩ ጀርባ አይሰጥም። ውኃው የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት በየቀኑ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ ሰንጠረዡ አስቀድሞ ይገኛል። በክረምት ዝቅተኛው ጉድለት ብዙ ጊዜ ከመሸ በኋላ ስለሚሆን፣ ከሁሉ ያስቸገረን ቀኑን መምረጥ ነበር። ልብስን በተመለከተ፣ ጥጥ ከረጠበ አያሞቅም፤ ሱፍ ይሻላል። ነጠላችንን ከዝናብ ልብሱ ሥር አድርገናል፣ እሱን ማንም አያስጥለንም።

ዓላማችን ባሕሩ የቦረቦረው የድንጋይ ቀዳዳ ድረስ መሄድ ነበር፤ ከመኪና ማቆሚያው ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። መሀል ላይ ኤለን ክሪክ የሚባለውን ጅረት ዝናቡ ሞልቶት አገኘነው። ታላላቆቻችን «ይበቃል» አሉ፤ ማንም አልተከራከረም።

ከመካከላችን አንዲት እህት አለች፤ እንድንናገር ፈቅዳልናለች፣ ስሟን ግን አንጠራም። ከዓመታት በፊት በሌሊት በትንሽ ጀልባ ከኦቦክ ወደ የመን ተሻግራለች። አብረዋት ከተሳፈሩት ያልደረሱ አሉ። ከዚያ ወዲህ ባሕር አጠገብ ቆማ አታውቅም። መኪናው ውስጥ ብትቆይ ማንም እንደማይቀየማት ነግረናት ነበር። ወረደች። ከግንዶቹ ወደ ደኑ በኩል ሆና፣ ከእኛ ሃያ እርምጃ ርቃ ሄደች፤ ዝም አልናት። ጅረቱ ጋ ስንደርስ ቀረብ ብላ እንዲህ አለች፦ «ያኔ ጨለማ ስለነበር የማውቀው ድምፁን ብቻ ነው። መልኩን ያየሁት ዛሬ ነው።» ከዚያ ሻይ ጠየቀች። በፔርሙዝ የያዝነው የቅርንፉድ ሻይ ገና ትኩስ ነበር።

ጾሙ ስለነበር ስንቃችን ቆሎና የጾም ዳቦ ነው። ሙስሊም እህቶቻችን በመኪና ማቆሚያው ምንጣፍ ዘርግተው ሰገዱ፤ እኛ ንፋሱን በዣንጥላ ከለልንላቸው፣ አንዱን ዣንጥላ ንፋሱ ገለበጠው፣ ሳቅን።

ከወንዙ ማዶ የክዊሊዩት ሕዝብ መንደር ላ ፑሽ ይታያል። እ.ኤ.አ. በጥር 1700 በዚህ ጠረፍ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሣው ማዕበል ጃፓን ድረስ ደርሷል። እንዲህ ያለው ነገር ሊመለስ ስለሚችል ክዊሊዩቶች ለብዙ ዓመታት ከፍ ያለ መሬት ሲጠይቁ ኖረው፣ በ2012 በወጣ ሕግ ከፓርኩ መሬት ተመለሰላቸው፤ ትምህርት ቤታቸውንም ወደዚያ አዛውረዋል። ከባሕሩ ሳይጣሉ ልጆቻቸውን ወደ ላይ አወጡ። ለደጋፊዎቻችን ይህን የምንነግራችሁ፣ በመመለሻው መንገድ ላይ አብዝተን የተነጋገርነው ስለ እነሱ ስለሆነ ነው።

አሁን ለውሳኔ የምናቀርበው ይህ ነው። ጉዞው በየክረምቱ ሁለት ጊዜ ይሁን፤ ወጪው ከችግር ጊዜ ሣጥኑ ፈጽሞ እንዳይነካ በመተዳደሪያ ደንባችን ይጻፍ፤ ለማይችሉ እህቶች ራሱን የቻለ ትንሽ መዋጮ ይከፈት። ስልክ ማንሣት አቁመው ከነበሩት አራቱ አብረውን ሄደዋል፣ ሦስቱ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ናቸው። ለአራተኛዋ ነገ ከሰዓት በኋላ ቡና ይዘን እንሄዳለን፤ መምጣት የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ በር ላይ ጠብቁን።