500 እና 150፦ የትኛው ይበልጣል?



እንግዲህ ማንበብ ችላችኋል፤ ማባዛትና ማካፈልም ጀምራችኋል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አሮጌ ኮምፒውተሮች ፍጥነት ነው። «ኮምፒውተርና ሰሊጥ ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። የሚያገናኛቸው መስፈሪያ ነው።

በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን በፈረሱላ፣ ሰሊጥን በኩንታል ሲያገበያይ ኖሯል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ኩንታል 100 ኪሎ። ታዲያ የአንዱን ፈረሱላና የሌላውን ኩንታል ዋጋ ጎን ለጎን አይቶ «ይኸኛው ይወደዳል» የሚል ሰው ይሳሳታል። አስቀድሞ ሁለቱንም ወደ ኪሎ ማምጣት አለበት። የኮምፒውተሩም ነገር እንደዚሁ ነው።

ኮምፒውተር ማናቸውንም ነገር የሚይዘው በሁለት ምልክቶች ነው፤ 1 እና 0። መብራት በራ፣ መብራት ጠፋ እንደ ማለት ነው። አንዷ ምልክት ቢት ትባላለች። ስምንት ቢት ሲሰበሰብ አንድ ባይት ይባላል። ቢት አንዲት ፍሬ ብትሆን ባይት ስምንት ፍሬ የምትይዝ ትንሽ ስፍር ናት። ኪሎ ግራም ሺህ ግራም እንደሆነ ሁሉ ኪሎ ቢትም ሺህ ቢት፣ ኪሎ ባይትም ሺህ ባይት ነው።

ችግሩ የሚመጣው አንዱ ሠሪ የዕቃውን ፍጥነት በቢት፣ ሌላው በባይት ሲጽፍ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ከነበሩት ዕቃዎች ሁለቱን እንውሰድ። አንደኛው ፍሎፒ ዲስክ ነው፤ በሸሚዝ ኪስ የሚገባ፣ ጽሑፍ የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ዕቃ። ማንበቢያው በሰከንድ 500 ኪሎ ቢት ያነብ ነበር። ሁለተኛው ሲዲ ነው፤ የመጀመሪያው የኮምፒውተር ሲዲ ማንበቢያ በሰከንድ 150 ኪሎ ባይት ያነብ ነበር። 500ና 150 ሲታዩ ፍሎፒው የሚበልጥ ይመስላል። እስቲ 500ውን ለ8 እናካፍለው። 62 ተኩል ኪሎ ባይት ይሆናል። 150 እኮ የዚህ ከእጥፍ በላይ ነው! በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ደግሞ ቢትን በትንሹ «ቢ»፣ ባይትን በትልቁ «ቢ» ያሳጥሯቸዋል። ለብልጣብልጥ ነጋዴ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ የለም።

ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ ሰዉ የሚገናኘው በስልክ ሽቦ ነበር። የኮምፒውተሩን ምልክት ወደ ድምፅ ለውጦ በሽቦው የሚልከው ዕቃ ሞደም ይባላል። በሰከንድ 9,600 ቢት የሚልክ አሮጌ ሞደም እንውሰድ። ለ8 ስናካፍለው 1,200 ባይት ይመጣል፤ ነገር ግን ይህ የተጣራ አይደለም። ተቀባዩ ባይቱ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ እንዲያውቅ ከፊቱ አንድ፣ ከኋላው አንድ ምልክት ይጨመርበታል። ስለዚህ ለአንዱ ባይት 10 ቢት ይሄዳል፤ የተጣራው 960 ባይት ብቻ ነው። ሰሊጥ ሲመዘን የጆንያው ክብደት ይቀነስ የለም? ያው ነው። አንድ ሙሉ ፍሎፒ 1,474,560 ባይት ይይዛል፤ ያን ለመላክ ከ25 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ የስልኩም ሂሳብ እስከዚያ ይቆጥራል።

አሁን ሌላ ሂሳብ እንሥራ። አንድ ሰው 100 ፍሎፒ በቦርሳ ይዞ ከጎንደር አውቶቡስ ተሳፈረ፤ በ4 ሰዓት ኮኪት ገባ እንበል። 4 ሰዓት 14,400 ሰከንድ ነው። በፍሎፒዎቹ ያለው 147,456,000 ባይት ነው። ብናካፍለው በሰከንድ 10,240 ባይት ይሆናል። አውቶቡሱ ሞደሙን ከአሥር እጥፍ በላይ በለጠው! ግን አውቶቡሱ የመጀመሪያዋን ፊደል እንኳ የሚያደርሰው ከ4 ሰዓት በኋላ ነው፤ ሞደሙ ወዲያው ይጀምራል። ለብዙ መጻሕፍት አውቶቡሱ ይሻላል፤ «ሰሊጥ ዛሬ ስንት ዋለ?» ለሚል አጭር ጥያቄ ሞደሙ።

ይህ ያለፈ ዕቃ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ሂሳቡ በእጅ ስልካችሁም ውስጥ አለ። አንድ የጽሑፍ መልእክት የሚችለው 140 ባይት ነው፤ በ8 ሲባዛ 1,120 ቢት። የእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ በ7 ቢት ስለሚላክ 160 ይገባል። የእኛ ፊደል ብዙ ስለሆነ አንዱ 16 ቢት ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚገባው 70 ብቻ ነው። በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታና አራት ነጥቡም እንደ ፊደል ይቆጠራሉ። ሩቅ ላለ ልጃችሁ 100 ፊደል በአማርኛ ብትልኩ እንደ ሁለት መልእክት ይሄዳል፤ ሂሳቡም የሁለት ነው።

ይህን ሸሽቶ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፍ ብዙ ነው። እኔ ይህን አልወደውም፤ «ጠራ»ና «ተራ» አንድ ይሆኑና አንባቢው ይደናገራል። ይልቅስ ቃሉን አሳጥሩት። «ሰሊጥ ተሸጠ። ገንዘቡ እጄ ገባ። ቅዳሜ ና።» እስቲ ቁጠሩት፤ ከነባዶ ቦታውና ከነአራት ነጥቡ 27 ነው። ገና የ43 ቦታ ይተርፋችኋል።