የካፌው ሽሮና ዕዳው

ከሐረር ጀጎል ግንብ ውጭ፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ተማሪዎች ነጭ ጋወናቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል በሚያቀኑበት በዚህ ሰዓት፣ ስለ ተማሪ ቅሬታ ላውራችሁ።

«በነፃ እየተማሩ፣ በነፃ እየበሉ ያማርራሉ» የሚል ሰው አይጠፋም። ነፃ ግን አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶውን ሊከፍል ውል ይፈርማል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። እንግዲህ ሽሮው የቀጠነበት ልጅ የሚያጉረመርመው ገና በሚከፍለው ገንዘብ ላይ ነው፤ ምጽዋት ላይ አይደለም።

ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ 22 ብር የተመደበበትን ጊዜ አስቡት፤ ለቁርስ፣ ለምሳ፣ ለእራት። ሸዋ በር ሄዳችሁ በዚያ ብር ሦስቴ ልትበሉ? ፈቲራ እንኳ አታስቆርስም! በ2017 ዓ.ም. 100 ብር ሆነ፤ እሰየው፣ ገበያው ግን አልጠበቀም።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ከቤቱ ብር የሚላክለት ተማሪ የዩኒቨርሲቲው ካፌ ሲያስጠላው ውጭ ይበላል፤ ስብሰባ ላይም አብዝቶ የሚናገረው እሱ ነው። ከገጠር የመጣው፣ የሚደውልለት እንጂ የሚልክለት የሌለው፣ ጭልፋው ፊቱ ሲደርስ ዝም ብሎ ሳህኑን ይዘረጋል። የተማሪዎች ኅብረት ቅሬታ ሲያሰባስብ ከዚህኛው ቢጀምር ምን ነበረበት?