እስከ መስመሩ አብሮ መሄድ

(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ስለ ሸክም መሸካከም እንድንናገር በተጠየቅን ጊዜ፣ ብዙዎቻችን አይተነው ከማናውቀው ጨዋታ አንድ ምሳሌ ልናቀርብላችሁ ወደድን። ጨዋታው ራግቢ ሊግ ይባላል፤ የተጫዋቹ ስም ሮብ ባሮው ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ራግቢ ሊግ ከሠራተኞች መካከል የወጣ ጨዋታ ነው። በሰሜን እንግሊዝ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ለጨዋታ ሲሉ ከሥራ ሲቀሩ ደመወዛቸው ይቀርባቸው ነበር። ክለቦቻቸው ያን የቀረውን ደመወዝ ለመተካት ቢጠይቁ የጨዋታው አለቆች አልፈቀዱም። ስለዚህ በ1895 ሀደርስፊልድ በምትባል ከተማ ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ። በእያንዳንዱ ወገን 13 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ የእንቁላል ቅርጽ ያለውን ኳስ በእጃቸው ይዘው ይሮጣሉ። ከሕጎቹ አንዱ ግን በተለይ አሳሰበን። ኳሱን በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው። ኳሱን የያዘው ሰው በተቃራኒዎቹ ሲከበብ በእጁ ሊያቀብል የሚችለው በጎኑ ወይም ከኋላው ለሚከተለው ጓደኛው ነው። እንግዲህ ተከታይ የሌለው ሯጭ ምንም ቢፈጥን ብቻውን ይወድቃል።

ሮብ ባሮው ከ2001 እስከ 2017 ድረስ ለአንድ ክለብ፣ ለሊድስ፣ ተጫወተ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ሳንቲሜትር ብቻ ስለ ነበረ፣ ለዚህ ጨዋታ አይሆንም ያሉት ብዙዎች ነበሩ። እርሱ ግን እጅግ በሚከብዱት ሰዎች መካከል በፍጥነትና በድፍረት ያልፍ ነበር። ክለቡ በእርሱ ዘመን 8 ጊዜ የሱፐር ሊግን ዋንጫ ወሰደ፤ በ2007ና በ2011 በተደረጉት የፍጻሜ ጨዋታዎችም ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ። ለብዙ ዓመታት የቡድኑ አምበል የነበረው ኬቨን ሲንፊልድ የቅርብ ጓደኛው ነበር።

ጨዋታውን ባቆመ በ2 ዓመቱ፣ በ2019 መጨረሻ፣ ባሮው ጡንቻን የሚያንቀሳቅሱትን ነርቮች የሚያጠፋ በሽታ እንዳደረበት ሐኪሞች ነገሩት። ለዚህ በሽታ ፈውስ አልተገኘለትም። ዕድሜው 37 ነበር፤ የሦስት ልጆች አባትም ነበር። ያ ፈጣን ሰው እግሩና እጁ ከዱት፤ ባለቤቱ የምታጎርሰው፣ የምታለብሰው ሆነ። በመጨረሻም አንደበቱ ተያዘ። ነገር ግን ድምፁን አስቀድሞ በመሣሪያ አስቀርጾ ስለ ነበር፣ በዓይኑ እያመለከተ በኮምፒዩተር በራሱ ድምፅ ይናገር ነበር።

ሲንፊልድ ይህን አይቶ ዝም አላለም። የጓደኛው የማሊያ ቁጥር 7 ነበርና፣ በ2020 ዲሴምበር ወር በ7 ቀን 7 ማራቶን ሮጠ። እንዲሰበሰብ የታሰበው 77,777 ፓውንድ ነበር፤ የተገኘው ግን ከ2 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በተከታዮቹም ዓመታት እንዲሁ ሮጠ።

ወንድሞችና እህቶች፣ እስከዚህ ድረስ ሲንፊልድ የሮጠው ስለ ጓደኛው ነበር። ሜይ 14 ቀን 2023 በሊድስ ከተማ በባሮው ስም በተዘጋጀው ማራቶን ግን ከጓደኛው ጋር ሮጠ። ባሮውን በባለ ጎማ ወንበር አስቀምጦ 42 ኪሎ ሜትር ሙሉ ገፋው። መጨረሻው መስመር አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ጓደኛውን ከወንበሩ አንሥቶ በክንዱ ታቀፈውና መስመሩን አብረው ተሻገሩ። በዚያን ጊዜ ያሸነፈው ማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

እኛስ በአገልግሎታችን የምንሮጠው ስለ ሰዎች ነው ወይስ ከሰዎች ጋር? በዚህ ነገር እኛ ራሳችን ጥፋተኞች ነን። ከጥቂት ዓመታት በፊት እግሮቻቸው ለማይታዘዙላቸው ለአንድ አባት ባለ ጎማ ወንበር ወሰድንላቸው። ጸለይን፣ ፎቶግራፍ አነሣን፣ በሪፖርታችንም ጻፍነው። ከወራት በኋላ ተመልሰን ብንሄድ ወንበሩ ጓዳ ገብቶ እህል ተቀምጦበት አገኘነው። ለምን ብለን ብንጠይቅ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ከቤቴ እስከ መንገዱ ድንጋይ ነው። ጸሎት ቤታችሁም ደረጃ አለው። ጠይቃችሁኝ ቢሆን ኖሮ አስቀድማችሁ መንገዱን አስተካክሉልኝ እላችሁ ነበር።»

አፈርን። ወጣቶቹ ዶማና አካፋ ይዘው መንገዱን ደለደሉ፤ ከጸሎት ቤቱም ደረጃ አጠገብ አቀበቱ ለስላሳ የሆነ መውጫ ሠሩ። እኒያ አባት እሑድ እሑድ መምጣት ጀመሩ። ቀድሞ በእህል መጋዘን ጸሐፊ እንደ ነበሩ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ዛሬ የፕሮጀክታችንን የዘር ማከፋፈያ መዝገብ የሚይዙልን እርሳቸው ናቸው፤ ከሂሳባቸውም አንዲት ኪሎ አትጎድልም። እኛ ተረጂ ብለን በመዘገብናቸው ሰው ውስጥ ለጉባኤው የተሰጠ አገልጋይ ተቀምጦ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አንሸሽግም። የተሰበሰበው ገንዘብ ባሮውን አላዳነውም። ጁን 2 ቀን 2024 በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ነገር ግን በሽታው የያዛቸው ሰዎች የሚታከሙበት ማዕከል በሊድስ እንዲሠራ ይፈልግ ስለ ነበር፣ በማግሥቱ ቤተሰቡ ባሉበት የግንባታው ሥራ ተጀመረ። ወደ ፊት መሮጥ ያልቻለው ሰው ኳሱን ከኋላው ለሚመጡት አቀበለ።

እናንተ የፕሮጀክት ሠራተኞች፣ የረዳችሁት ሰው ሳይድን ሲቀር ልባችሁ እንደሚዝል እናውቃለን። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 6 ላይ ሸክምን እንድንሸካከም አዘዘን እንጂ በሽታን ሁሉ እንድናስወግድ አላዘዘንም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ያሉት አራቱ ሰዎችም ሽባውን መፈወስ አልቻሉም፤ የእነርሱ ድርሻ እስከ ጌታ ፊት ማድረስ ነበር።

ስለዚህ ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ ሦስት ነገር አደራ እንላለን። እርዳታውን ከመውሰዳችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። በእናንተ እርምጃ ሳይሆን በእርሱ እርምጃ ሂዱ። በጉባኤያችሁም የሚቀመጥበትን ብቻ ሳይሆን የሚያገለግልበትን ስፍራ አዘጋጁለት። በየጓዳው ተሸሽገው የቀሩትን ወንድሞችና እህቶች ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በስም እየመዘገባችሁ ጎብኟቸው።