ደጁን የሚያውቀው አድራሹ ነው

(በአዲስ አበባ የምግብና የዕቃ ማድረስ ሥራ ለመጀመር ለተዘጋጁ ወጣቶች የተደረገ ንግግር)



የጠራችሁኝ ለምትጀምሩት የማድረስ ሥራ የሚሆነው የስልክ አፕ እንዴት ተጠንቶ እንደሚሠራ እንድናገር ነው። አንዳንዶቻችሁ ቀለሙንና ዓርማውን ከወዲሁ እንደ መረጣችሁ ሰምቻለሁ። መልካም ነው፤ ነገር ግን በቀለም ምክንያት የሚጎዳ ሰው የለም። ሰው የሚጎዳው ሞተረኛው ሰፈሩ ደርሶ ቤቱን ሲያጣ፣ ምግቡ ቀዝቅዞ ትእዛዙ ሲሰረዝ፣ የነዳጁም ወጪ በልጁ ላይ ሲቀር ነው። ስለዚህ ከአድራሻ እጀምራለሁ።

በውጭ አገር ልማድ የተሠሩ አፖች የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይጠይቃሉ። በከተማችን የቤት ቁጥር አለ፤ ዳሩ ግን በቁጥር ቤት የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው። እኛ የምንለው «ከመድኃኔ ዓለም ወረድ ብሎ፣ ሁለተኛው ቅያስ፣ ከሱቁ አጠገብ፣ ሰማያዊ በር» ነው። ይህ የኋላ ቀርነት ምልክት አይደለም፤ ራሱን የቻለ የአድራሻ አነጋገር ነው፤ አፑም እንዲሁ እንዳለ ሊቀበለው ይገባል። በካርታ ላይ ነጥብ ማስቀመጥ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ስትደርሱ ጂፒኤሱ ግቢውን ያሳያችኋል እንጂ ብሎኩንና ፎቁን አይነግራችሁም። ምልክቶችም ይጠፋሉ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ የፒያሳ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ ሰው አድራሻ የሚነግርባቸው ሱቆችና ቡና ቤቶች አብረው ሄዱ፤ ስማቸው ግን በሰው አፍ ቀረ። ለሰፈሩ ነባር እናት ያ ስም ዛሬም ግልጽ ነው፤ ከተማውን ገና ለሚለምድ ሞተረኛ ግን ምንም አይነግረውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ደንበኛው ቦታውን በድምፁ ተናግሮ እንዲልክ ይፈቀድለት፤ መጻፍ የሚከብደው ሰው ብዙ ነውና። ሞተረኛውም ለመጀመሪያ ጊዜ በሩ ላይ ሲደርስ «በሩ ይህ ነው» የሚል አንድ ትልቅ ቁልፍ ይጫን፤ ደንበኛው ከፈቀደ ነጥቡ ይቀመጥ። ሁለተኛው ሞተረኛ ከዚያ በኋላ አይንከራተትም። ደጁን ከካርታው ይልቅ የሚያውቀው አድራሹ ነው፤ ይህ እውቀት ግን ብዙ ጊዜ ልጁ ሥራውን ሲለቅ አብሮት ይሄዳል።

ሌላው ሰዓት ነው። እኛ «ነገ ጠዋት በ3 ሰዓት» ስንል በውጭ አቆጣጠር 9 ሰዓት ማለታችን ነው። አፑ በውጭው አቆጣጠር ብቻ ከተሠራና ደንበኛው 3 ቁጥርን ከነካ፣ ትእዛዙ ወይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወይ ከቀኑ 9 ሰዓት ተብሎ ይመዘገባል። ለምሳ ዕቃ ቢሆን ሳቅ ነው፤ ለመድኃኒት ግን ሳቅ አይደለም። ከቁጥሩ አጠገብ ጠዋት፣ ከቀኑ፣ ማታ፣ ሌሊት የሚሉትን ቃላት መጨመር ብዙ ድካም አይጠይቅም።

ፊደላችንም የራሱ ጠባይ አለው። አንዱ «ሥጋ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ስጋ»። ኮምፒዩተሩ እነዚህን እንደ ሁለት ቃል ስለሚቆጥር ምግቡ እያለ «የለም» ይላል። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲታዩ ሠሪውን አጥብቃችሁ ጠይቁት። «የቤተሰብ ስም» የሚለውንም መጠይቅ አውጡት፤ እኛ የምንጠራው በራሳችን ስም ነው፤ ቀጥሎ ያለው የአባት ስም ነው። የጾም ምግብ የሚለውም ምርጫ ከታች ተደብቆ አይቀመጥ፤ ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው ደንበኛ ብዙ ነው፤ ምግብ ቤቱ ያለቀውን በሌላ ሲተካ ቅቤ ያለበት እንዳይልክለት።

አሁን ወደ ጥናቱ ልምጣ። ሰውን ሰብስባችሁ «አፓችንን ወደዳችሁት?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም «በጣም ጥሩ ነው፣ በርቱ» ይላችኋል። ይሉኝታ ነው። ቤቱ የገባን እንግዳ ማን ያሳፍራል? ስለዚህ አትጠይቁ፤ ሥራ ስጡ። ገጾቹን በወረቀት ላይ ሣሉና «እማማ፣ ለእኅትዎ ሁለት ሽሮ ይዘዙላት፤ የሚከፍሉት በቴሌብር ነው» በሉ፤ ከዚያም ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ጣታቸው የት ቆመ? ምን ፈርተው መለሱት? እጃችሁን ዘርግታችሁ «እዚህ ጋ ነው» ካላችሁ ጥናቱ እዚያው ሞተ። ዝም ማለት ለእኛ ለአስተማሪዎች ከባድ ነው! የዴንማርኩ ተወላጅ ጄኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አምስት ሰው መመልከት ከችግሮቹ 85 ከመቶ ያህሉን እንደሚያሳይ አስረድቷል። ነገር ግን ተጠቃሚዎቹ ልዩ ልዩ ከሆኑ እያንዳንዱ ወገን ለብቻው ይታያል። ደንበኞች፣ ሞተረኞችና ምግብ ቤቶች አንድ ወገን አይደሉም። ከደንበኞቹም መካከል ማንበብ የማይችል ሰው ይኑር።

ሞተረኞቹን በቢሮ አታነጋግሯቸው፤ በሐምሌ ዝናብ ከኋላቸው ተቀመጡ። ስክሪኑ ላይ ውኃ ሲወርድ ስልኩ ጣትን አይሰማም፤ ጓንት ያጠለቀ እጅም ትናንሽ ቁልፎችን አይነካም። ለእነርሱ በአንድ ገጽ አንድ ትልቅ ቁልፍ ይበቃል። ኔትወርክ ሲቋረጥም የያዙት ትእዛዝና የደንበኛው የድምፅ አድራሻ ስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ሊከፈት ይገባል። አፕ መጠቀም ለማይችለው ደንበኛ ደግሞ የስልክ በር ክፍት ይሁን፤ የታክሲ አገልግሎት የሚሰጠው ራይድ ከአፑ ጎን በ8294 ጥሪ መቀበሉ ብልህነት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሞተረኛው በራሱ ስልክ ለደንበኛዋ ሲደውል ቁጥሯ እርሱ ጋ ይቀራል፤ ቤቷንም አይቷል። ምግቧን ከተቀበለች በኋላ ማታ ማታ የማታውቀው ሰው የሚደውልላት እኅት ዳግመኛ አታዝም፤ ፍርሃቱም ከእርሷ ጋር ይቀራል። ስለዚህ ጥሪው በማዕከላችሁ በኩል ይለፍ፤ ቁጥሯም ለሞተረኛው አይታይ። ይህ በየወሩ ገንዘብ ይጠይቃል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በጀቱን ስትይዙ በመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፉት።