ጋሻና ጦር በአቶሚክ ዘመን
(ለመምህራን ማኅበር ጉባኤ የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተመረጠው ርእስ ከመማሪያ ክፍላችን እጅግ የራቀ ይመስላል። ይኸውም ስለ ታላላቅ መንግሥታት የአቶሚክ መሣሪያና ይህንኑ ለመመከት ስለሚሠራው የሚሳይል መከላከያ ነው። ነገር ግን ተማሪዎቻችን ወሬውን ይሰማሉ፤ ይጠይቁናልም። ጥያቄያቸው ባጭሩ፥ ጋሻ ማንንም የማይገድል ከሆነ አንዱ መንግሥት ጋሻ ሲሠራ ሌላው ስለ ምን ይቆጣል? የሚል ነው። ይህ ጥያቄ የልጅ ጥያቄ ቢመስልም የዓለም መሪዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ተከራክረውበታል። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በጁን 1967 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰንና የሶቪየት ኅብረት ጠቅላይ ሚኒስትር አሌክሴይ ኮሲጊን በኒው ጀርሲ ግዛት፥ ግላስቦሮ በምትባል ትንሽ ከተማ ተገናኙ። በዚያን ጊዜ ሶቪየቶች በሞስኮ ዙሪያ የሚሳይል መመከቻ ማቆም ጀምረው ነበር። የአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ማክናማራ፥ መከላከያው ከተስፋፋ አገራቸው የማጥቂያ መሣሪያዋን ለመጨመር እንደምትገደድ አስረዱ። ኮሲጊን ግን መከላከያ የሰውን ሕይወት የሚያድን እንጂ የሚያጠፋ ስላልሆነ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም ብለው ተቃወሙ።

ፍርድ ከመስጠታችን በፊት የነገሩን ሥር መመርመር ይገባል። ሁለቱ መንግሥታት እርስ በርሳቸው ሳይዋጉ የኖሩት፥ ቀድሞ የመታ ወገን የአጸፋውን ምት እንደማያመልጥ ስላወቀ ነው። እንግዲህ አንደኛው ወገን ጋሻ ቢያበጅ ሌላው እንዲህ ብሎ ያስባል፤ «ባላጋራዬ ቀድሞ ቢመታኝ አብዛኛው ሚሳይሌ ይጠፋል፤ የቀረውንም ጥቂት በጋሻው ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ጋሻውን የሚበሳ ብዙ ጦር ያስፈልገኛል።» በአገራችንም የጥንቱ ተዋጊ ጋሻውን ብቻ አንግቦ አይዘምትም ነበር፤ ግራ እጁ ጋሻ፥ ቀኝ እጁ ጦር ይይዝ ነበር እንጂ። ከፊቱ የቆመው ሰው የሚያየው ሁለቱን ባንድነት ነው።

ይህም ሥጋት በሥራ ታየ። አሜሪካ በ1970 ሚኒትማን 3 የተባለውን ሚሳይል ማቆም ጀመረች፤ አንዱ ሚሳይል ሦስት ቦምብ ተሸክሞ ወደየተለያየ ዒላማ የሚልክ ነበር። ለዚህ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የሶቪየቶች መመከቻ ነው። የአንድ ከተማ ጋሻ በሌላው ወገን ጦርን አበዛ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ ለመምህራን ይልቁን የሚጠቅመው ክፍል የሕዝቡ ክርክር ነው። በሴፕቴምበር 1967 ማክናማራ በሳን ፍራንሲስኮ ባደረጉት ንግግር ስለ ጋሻው ከንቱነት በሰፊው ካስረዱ በኋላ፥ ከቻይና ሊመጣ ለሚችል ጥቃት አነስተኛ መከላከያ እንደሚሠራ አስታወቁ። ሠራዊቱም እንደ ቦስተን፥ ሺካጎና ሲያትል ባሉ ከተሞች አጠገብ ቦታ ሲፈልግ ነዋሪዎቹ ተቃወሙ፤ መመከቻው ራሱ የአቶሚክ ቦምብ የሚሸከም ነበርና። ሐንስ ቤቴና ሪቻርድ ጋርዊን የተባሉት የፊዚክስ ሊቃውንትም በ1968 ባወጡት ጽሑፍ አንድ ቀላል ነገር አስረዱ። አየር በሌለበት ከፍታ ላይ ቀላል ፊኛና ከባድ ቦምብ እኩል ይበራሉ፤ ስለዚህ አጥቂው ብዙ ማሳሳቻ ቢለቅ ተከላካዩ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት ይቸገራል።

የደጋፊዎቹም ቃል የሚናቅ አልነበረም። ሕዝቡን ያለ ጋሻ የሚተው መንግሥት ምን መልስ ይሰጣል? አንድ ሚሳይል በስሕተት ቢተኮስስ? እያሉ ጠየቁ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1969 ዕቅዱን ለውጠው መከላከያው በይበልጥ የሚሳይሎቹን ሠፈር እንዲጠብቅ አደረጉ። በዚያው ዓመት በኦገስት ነገሩ ወደ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በቀረበ ጊዜ አባሎቹ በአንዱ ድምፅ 50 ለ50 ተከፈሉ፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱም ስፒሮ አግኒው በዕቅዱ በኩል ቆሙ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ውል አመራ። ኒክሰንና ብሬዥኔቭ በሜይ 26 ቀን 1972 በሞስኮ በፈረሙት ውል እያንዳንዱ ወገን ከሁለት ቦታ በላይ መከላከያ እንዳያቆም ተስማሙ፤ በ1974ም ወደ አንድ ቦታ ተቀነሰ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንደሚባለው ውሉ ጥርጣሬን ተዉ አላለም። ይልቁንም አንዱ የሌላውን ሳተላይት እንዳያሰናክል በመከልከሉ መጠራጠርን በማየት አስታገሠው።

ጥያቄው ግን አልሞተም። ፕሬዚዳንት ሬገን በማርች 1983 ሚሳይልን ሁሉ ከንቱ የሚያደርግ መከላከያ እንዲመረመር አዘዙ። በኦክቶበር 1986 በአይስላንድ ከተማ በሬይክያቪክ ከጎርባቾቭ ጋር ተገናኝተው የአቶሚክን መሣሪያ ጨርሶ ስለ ማጥፋት እስከ መነጋገር ደረሱ፤ ነገር ግን የመከላከያው ሙከራ በላቦራቶሪ ውስጥ ይወሰን፥ አይወሰን በሚለው ነጥብ ሳይስማሙ ተለያዩ። ይሁንና በሚከተለው ዓመት የመካከለኛ ርቀት ሚሳይሎችን የሚያስወግደውን ውል ፈረሙ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ ከጥቂት ሚሳይል ጥቃት አገራቸውን መጠበቅ እንደሚገባ በማመልከት በዲሴምበር 2001 ከ1972ቱ ውል ለመውጣት ማስታወቂያ ሰጡ፤ ውሉም በጁን 2002 ፈረሰ። ፕሬዚዳንት ፑቲን ደግሞ በማርች 2018 አዳዲስ መሣሪያዎችን ሲያሳዩ፥ ይህ ለዚያ እርምጃ መልስ ነው አሉ። የሁለቱን ወገኖች ለተኩስ የተዘጋጀ ቦምብ በየ1,550 የወሰነው የ2010ሩ ውልም ዘመኑ በፌብሩዋሪ 2026 አበቃ።

«ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» ይባላል። ይሁን እንጂ የእኛ አህጉር ዝም ብሎ አልተመለከተም። በኖቬምበር 1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በአቶሚክ መሣሪያ መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚቃረን ነው ብሎ ሲያውጅ፥ ጉዳዩን ካቀረቡት አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በ1962 በጄኔቭ በተከፈተው የ18 መንግሥታት የትጥቅ ማስፈታት ጉባኤም ኢትዮጵያና ናይጄሪያ ከታላላቆቹ ጋር ተቀምጠዋል። አፍሪቃን ከአቶሚክ መሣሪያ ነጻ የሚያደርገው የፔሊንዳባ ውል በ1996 በካይሮ ተፈርሞ በ2009 ጸና።

እንግዲህ መምህር ለተማሪው ምን ይበለው? የጋሻውን ደጋፊ ሁሉ ጦር ፈላጊ፥ ተቃዋሚውንም ሁሉ አገሩን የማይወድ አድርጎ ማስተማር አይገባም። ጥቂት ሚሳይሎችን መመከትና ከትልቅ መንግሥት የሚመጣውን የመቶዎች ውርጅብኝ መመከት እጅግ የተለያዩ መሆናቸውን ያስረዳ። የፊዚክስ መምህሩ የፊኛውን ነገር ያሳይ፤ የታሪክ መምህሩ የውሎቹን ቅደም ተከተል ይንገር፤ የቋንቋ መምህሩም ተማሪዎቹን ለሁለት ከፍሎ ያከራክርና በማግሥቱ ቦታቸውን ያለዋውጣቸው። ጋሻውን ትናንት ያሞገሰው ተማሪ ዛሬ ከጋሻው ፊት ለፊት ቆሞ እንዲያየው ይሁን።

የዚህ ሁሉ ክርክር ፍሬ በአንድ ቃል ሊጠቃለል ይችላል። የራሴ ሐሳብ ለእኔ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢመስለኝ፥ ባላጋራዬ የሚመልሰው እርሱ ባየው መጠን እንጂ እኔ ባሰብሁት መጠን አይደለም። ይህን የማይጠይቅ መሪ በቅንነት ጋሻ ሲሠራ ጦር ሊያበዛ ይችላል። ይህን መጠየቅ የለመደ ልጅ ግን ነገ በሸንጎም ሆነ በጎረቤት ጠብ መካከል ቢቀመጥ ለአገሩ ይጠቅማል። ልማዱም የሚጀመረው በእናንተ ክፍል ነው።