ለጉንፋን እንፋሎት መታጠን፦ የሚያድነው ሙቀቱ ነው ወይ?



ብርድ ሲገባ የልጆች አፍንጫ ይታፈናል። እኛ ያደግነው የባሕር ዛፍ ቅጠል ተፍልቶልን፣ ጋቢ ለብሰን እየታጠንን ነው። እናቴ ዛሬም ድስቱን ትጥዳለች፤ ነርስነት ብማርም ክርክሩን ገና አልረታኋትም።

እንፋሎቱ በሞቀ ቁጥር የሚያድን ይመስለናል። ነገር ግን የምንስበው አየር ሳንባ እስኪደርስ ድረስ ከሰውነታችን ሙቀት ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ ትኩሱ ከቀዝቃዛው የሚበልጠው በማቃጠሉ ብቻ ነው። 60 ዲግሪ የሞቀ ውኃ የልጅን ቆዳ በጥቂት ሴኮንድ ያቃጥላል፤ ድስቱ ውስጥ ያለው ግን የፈላ ነው። ጋቢ የተከናነበ ልጅ አንዴ ከተወራጨ ውኃው ጭኑ ላይ ፈሰሰ ማለት ነው።

እባካችሁ ልጅ አታጥኑ። ለታፈነ አፍንጫ ከፋርማሲ የሚገዛ የጨው ውኃ ጠብታ አለ። የእንፋሎት ማሽን የምትገዙም ቀዝቃዛ ጉም የሚያወጣውን ምረጡ። ውኃውን በየቀኑ ቀይሩ፣ ማሽኑንም እጠቡ፤ አለዚያ ልጁ የሚተነፍሰው ሻጋታ ነው።

ልጅ ከተቃጠለ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡ። ልብሱን አውልቃችሁ፣ የተቃጠለውን ቦታ ከቧንቧ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ 20 ደቂቃ ያዙት፤ በረዶ ግን አይሆንም። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ ወይም ፊቱን ከነካው ወዲያው ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም፣ 101 ደውሉ።